የማይድን ሕመም ቤት ሲገባ፦ በባሕር ዳር የሚገባችሁን ለማግኘት ከየት ትጀምራላችሁ?

ታላቅ ወንድሜ የጉበት ካንሰር ሲገኝበት ቤታችን ውስጥ ሁለት ነገር ተደበቀ። አንዱ የሐኪሙ ቃል ነው። እኛ ደበቅነው። «አይነገረው፣ ይደነግጣል» ተባለ፣ ሁላችንም ተስማማን። ሌላው አንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። የጡረታ ቁጥሩ፣ የቅጥር ደብዳቤው፣ የልጆቹ የልደት ወረቀት፣ የባንክ ደብተሩ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። የት እንዳስቀመጠው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ብንጠይቀው «ምን ልታደርጉበት?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ አልጠየቅነውም። ሚስቱና እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱ እንቅልፍ በወሰደው ቁጥር አልጋ ሥር ስንፈልግ ከረምን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየኝ። «ቆርቆሮውን ከሆነ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፣ ከጋቢው ሥር» አለኝ። ክው አልኩ። «አያ፣ አውቀህ ነበር እንዴ?» ስለው፣ «በየቀኑ ዶሮ እየታረደልኝ እንዴት አላውቅም!» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ቀለለ። ሦስቱ ሳምንት ግን ላይመለሱ ሄዱ። የሄዱት ደግሞ ሙሉ ደመወዝ ከሚከፈልበት ከመጀመሪያው ወር ላይ ነው። ለምን እንደሚያስቆጭ ወደ ታች ትደርሱበታላችሁ።

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ፋይል በፌስታል ይዤ በዚህ ከተማ ብዙ ቢሮ ደጅ የጠናሁ ሰው ነኝ። በአገራችን ለማይድን ሕመምተኛ ተብሎ የተለየ አንድ ድጎማ፣ አንድ መስኮት የለም። ያለው የተበታተነ ነው። ከአሠሪው ትንሽ፣ ከጡረታው ትንሽ፣ ከጤና መድኅኑ፣ ከቀበሌው፣ ከእድሩ። የሚሰበስበው ቤተሰቡ ነው። ቅደም ተከተሉን ካላወቃችሁት አንዱን ስታሳድዱ ሌላው ያመልጣችኋል።

1. ከሁሉ በፊት ከበሽተኛው ጋር ተነጋገሩ

ይህን እንደ ምክር ብቻ አትዩት፣ የወረቀት ጉዳይም ነው። ውክልና የሚሰጠው እሱ ነው። መሥራት ይችል እንደሆነ የሚወስኑት ሐኪሞች፣ ሕክምና ቦርድ የሚባሉት ፊት የሚቀርበው እሱ ነው። ጣቱን አትሞ፣ ዓይኑን አስነስቶ ፋይዳ የሚያወጣው እሱ ነው። ኑዛዜ የሚናዘዘው እሱ ነው። ራሱን ሲስት አንዳቸውም አይሆኑም።

እኛ ዘንድ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ቀድሞ የሚይዘው ቤተሰብ ነው። «ለእሱ እንዳትነግረው» እንላለን። ሐኪሙም ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ክፉ ልብ ኖሮን አይደለም፣ ያደግንበት ነው። ግን ሌላ መንገድ አለ። በሽተኛውን ራሱን ጠይቁት። «ሐኪሙ ያለንን ልንገርህ ወይስ እኔው ልያዘው?» በሉት። አንዳንዱ «ያዘው» ይላል። ያን ጊዜ ሁለተኛውን ጥያቄ አስከትሉ፦ «እሺ፣ ወረቀትህን ማን ይከታተልልህ?» ይህችን ማንም አይጠላትም። ሰው ሞቱን መስማት ባይፈልግ እንኳ ልጆቹን ማን እንደሚያይለት መናገር ይፈልጋል።

አባታችሁ ወይም እናታችሁ ከሆኑ ደግሞ የነፍስ አባታቸውን ብታስቀድሙ ጥሩ ነው። እሳቸው ሲናገሩት ሌላ ነው።

2. ከሆስፒታሉ ትክክለኛውን ወረቀት ያዙ

ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ብትታከሙ ከሐኪሙ የምትጠይቁት ወረቀት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የሕመም ፈቃድ ወረቀት አለ፣ ለአሠሪ የሚሰጥ። ሪፈር ወረቀት አለ፣ ከጤና ተቋም ወደ ጤና ተቋም የሚልክ። የሕክምና ማስረጃ አለ፣ የበሽታውን ስምና ደረጃ የሚገልጽ። የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ሰው አንዱን ይዞ ሌላው የሚጠየቅበት ቢሮ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል።

በሕክምና ማስረጃው ላይ እነዚህ መኖራቸውን ከሆስፒታሉ ግቢ ሳትወጡ አረጋግጡ። የካርድ ቁጥሩ። የበሽታው ስምና የታወቀበት ቀን። መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው። የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም። ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም።

ስሙንም እያንዳንዱን ፊደል ተመልከቱ። ይህ የአማርኛ ጣጣ ነው። «ኃይለ ማርያም» በአንዱ ወረቀት ተለያይቶ፣ በሌላው ተጋጥሞ፣ በሦስተኛው «ሀይለማሪያም» ተብሎ ይመጣል። ለጆሯችን አንድ ነው። ለጸሐፊው ሦስት ሰው ነው። በአንዲት «ሥ» የተነሳ አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ መልሶኛል። በመጨረሻ ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ አጽፈን ተገላገልን። መነሻችሁ የቀበሌ መታወቂያው ወይም ፋይዳው ይሁን። ሌላው ሁሉ እሱን ይምሰል።

እያንዳንዱን ወረቀት በስልክ አንሱና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ኮፒም አድርጉ። ዋናውን ለማንም አትስጡ፣ አሳዩና መልሱ።

ወደ ሌላ ከተማ የሚልካችሁ ከሆነ ዘላችሁ አትሂዱ። የሆስፒታሉ ላይዘን ቢሮ አለ። ሪፈሩን የሚያስተካክለውና ከሚቀበላችሁ ሆስፒታል ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው።

3. ተቀጣሪ ከሆነ መልቀቂያ እንዳያስገባ

ይህን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት አይበዛም።

በሽተኛው ራሱ ነው የሚያፍረው። «ሳልሠራ ገንዘባቸውን እየበላሁ» ይላል። አንዳንድ አለቃም በወዳጅነት ቃል «መልቀቂያ ጻፍና ዕረፍ፣ የተወሰነ ገንዘብ እናይልሃለን» ይለዋል። ወንድሜን እንዲህ ያለው ሰው ክፉ አልነበረም። ግን ምክሩ ቤተሰቡን ሊያስርብ ነበር። ሰው በፈቃዱ ሥራ ከለቀቀ በኋላ ጡረታውን ለማግኘት የጡረታ ዕድሜ፣ ማለትም 60 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ አለበት። ለመሥራት አይችልም ተብሎ በሕክምና ቦርድ ከወጣ ግን ወዲያው ጡረታ ይጀምርለታል። በአንዲት ገጽ ደብዳቤ የሚመጣው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። አከፋፈሉ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ።

በ9,000 ብር ደመወዝ አስሉት። አንደኛው ወር 9,000። ሁለተኛውና ሦስተኛው 4,500፣ 4,500። ከዚያ ዜሮ። የስድስት ወር ገቢ በጠቅላላ 18,000 ብር ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የሚደርቀው በሦስተኛው ወር መጨረሻ ነው። የቦርዱ ሥራ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። በመጀመሪያው ወር ካልጀመራችሁት ክፍያ የሌለበት ጊዜ ላይ ትወድቃላችሁ። እኛ ቆርቆሮ ስንፈልግ ያጠፋነው ይህን ወር ነው።

ከሥራ የቀረበት ማግስት ለአሠሪው አሳውቁ። ከዚያ የሕክምና ወረቀቱን አስገቡ። በአፍ ብቻ አትተዉት። ደብዳቤ አስገብታችሁ ኮፒው ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ፣ ቀንና ፊርማ አስቀምጡ።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ በዚህ አዋጅ አይተዳደርም። የሲቪል ሰርቪሱ ሕግ የራሱ የሕመም ፈቃድ ስሌት አለው። የመሥሪያ ቤቱን የሰው ሀብት ክፍል ስሌቱን በጽሑፍ ጠይቁ። መልቀቂያ ስለማስገባት ያልኩት ግን ለእሱም ይሠራል።

4. ቦርድና ጡረታ

ሰው «በቦርድ ወጣ» ሲባል የምትሰሙት ይህ ነው። አሠሪው ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጽፋል። ሆስፒታሉ ቀን ይቆርጣል። በሽተኛው ሐኪሞች ፊት ይቀርባል። ውሳኔው በታሸገ ፖስታ ለአሠሪው ይሄዳል። ፖስታውን እናንተ ካደረሳችሁት አትክፈቱት፣ የተከፈተ አይቀበሉም።

የሚያስቸግረው በሽተኛውን ማድረስ ነው። እኛ ባጃጅ ተከራየን። መንገዱ ላይ እያንዳንዷ ጉድጓድ አጥንቱ ውስጥ ገባች። ሁለተኛ ብሄድበት የማደርገው ይህን ነው፦ የማስታገሻውን ሰዓት ከቀጠሮው ጋር አስተካክላለሁ፣ ፍራሽ ያለው መኪና ከጎረቤት እለምናለሁ፣ ተራ እንዲያስቀድሙን ደግሞ አንድ ሰው በማለዳ እልካለሁ።

ጡረታው እንዲህ ይሰላል። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014፣ የመንግሥቱ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለና በቦርድ የወጣ ሰው የሕይወት ዘመን ጡረታ ያገኛል። ለ10 ዓመቱ ካለፉት 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ወንድሜ 14 ዓመት ነበረው። 30 ሲደመር አራት ጊዜ 1.25፣ 35 በመቶ። አማካዩ 9,000 ከሆነ በወር 3,150 ብር። ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በየወሩ ይመጣል። ከእሱ በኋላም አይቆምም። ሚስት ወይም ባል የጡረታውን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። ለሚስቱ 1,575፣ ለሁለት ልጆቹ 630፣ 630። ሕጉ እነዚህን ሰዎች «ተተኪዎች» ይላቸዋል።

አገልግሎቱ 10 ዓመት ካልሞላ ወርኃዊ ጡረታ የለም። በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ አለ። እሱንም ጠይቁ። ዘጠኝ ዓመት ከምናምን ወር ያለው ሰው ከገጠማችሁ ከሌላ ድርጅት የቀረ አገልግሎት ይኖረው እንደሆነ አገላብጡ። ጡረታ የተቆረጠበት የድሮ ቅጥር ይደመራል።

የጡረታውን ፋይል ወደሚይዘው የማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት «መዋጮው ገብቷል ወይ?» ብላችሁ ነው። ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ከሠራተኛው ቆርጦ ሳያስገባ የሚቀመጥ አሠሪ አለ። ሠራተኛው በሕይወት እያለ ይህን ማወቅና ከሞተ በኋላ ማወቅ አንድ አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ ፋይሉ ላይ የማን የማን ስም አለ የሚል ነው። ሰው ሲቀጠር ሳያገባ ቅጽ ይሞላል። ከዚያ ያገባል፣ ሦስት ይወልዳል፣ ቅጹ ግን ላጤ እንደሆነ ይቀራል።

ከጡረታ ሌላ ከአሠሪው የሚጠየቅ ገንዘብ አለ። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይከፈላል። 5 ዓመት ያገለገለ ሰው ውሉ በሕመም ምክንያት ሲቋረጥ የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ። ለ14 ዓመትና ለ9,000 ብር፣ 9,000 ሲደመር 13 ጊዜ 3,000፣ ወደ 48,000 ብር ይመጣል። ይህን ማንም ጠርቶ አይሰጣችሁም። አሠሪው እምቢ ካለ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ወደዚያ ሂዱ።

የሚያስታምመው ሰው ራሱ ተቀጣሪ ከሆነ ደግሞ ለአሳሳቢ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይጠይቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አትበትኑት።

5. ደመወዝ ለሌለው፦ የጤና መድኅን

ገበሬው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ የገበያ ነጋዴዋ፣ የባጃጁ ልጅ የጡረታ ፋይል የላቸውም። የእነሱ በር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። በነገራችን ላይ ይህ ነገር አገራችን ላይ በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ጣና ዳር ያለው ፎገራ ነው። ደቡብ አቸፈርም ነበረበት። ስለዚህ በአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም።

መዋጮው በዓመት አንዴ ነው፣ በቤተሰብ። መመዝገቢያና ማደሻ ወቅት አለው። ሰው ጤነኛ እያለ «ዘንድሮ ይቅር» ይላል። በሽታው የሚመጣው ያን ዓመት ነው። ካርዳችሁን ዛሬ አውጡና የታደሰበትን ዓመት እዩ። በሽተኛው ካርዱ ላይ በስምና በፎቶ መኖሩንም እዩ። አማት ቤት የሚኖሩ ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ ካርዱ ላይ የሉም።

መክፈል የማይችል ደሃ መዋጮውን መንግሥት ይከፍልለታል። ዝርዝሩ የሚወጣው ቀበሌ ላይ ነው። ቀበሌው የሚያውቀው ደግሞ የተነገረውን ነው። ባለፈው ዓመት በሁለት በሬ ያርስ የነበረ፣ ዘንድሮ ለሕክምና የሸጠ ሰው በቀበሌው መዝገብ ላይ እስካሁን ባለ በሬ ነው። ሄዳችሁ ንገሩ። ጎረቤት ምስክር ይዛችሁ ሂዱ።

ከሁሉ የሚጎዳው ስህተት ጤና ጣቢያን መዝለል ነው። መድኅኑ የሚሸፍነው በሪፈር ሰንሰለቱ ስትሄዱ ነው። ከደቅ ደሴት በጀልባ በቀጥታ ፈለገ ሕይወት የመጣን ሰው አውቃለሁ። ካርዱን ሪፈር ስላልያዘ አልተቀበሉትም። በከፈለው ገንዘብ የሁለት ዓመት መዋጮ ይከፈል ነበር። መጀመሪያ የራሳችሁ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ ሆስፒታል። ድንገተኛ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

መድኃኒቱ ሆስፒታል ውስጥ «የለም» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ ውጭ አትግዙ። «መድኅኑ ውል ያለው መድኃኒት ቤት አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውጭ ከገዛችሁም ደረሰኝና የማዘዣውን ኮፒ ያዙ።

መድኅን ለሌለው ደሃ የነፃ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌ ይጠየቃል። የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምና ግን ለማንም በነፃ ነው፣ ደብዳቤም አያስፈልገውም።

6. ሕመሙን ማስታገስም መብት ነው

ስለ ገንዘብ እየጻፍኩ ይህን የማነሳው ያለምክንያት አይደለም። በሽተኛው ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ቤተሰብ ጠዋት ቢሮ ለቢሮ መሄድ አይችልም። በሽተኛውም የሚፈርምበትን አያይም።

«ከዚህ በኋላ የምናደርገው የለም፣ ቤት ውሰዱት» ሲባል «ለሕመሙስ?» ብላችሁ ቁሙ። ማዳን ቢቀር ማስታገስ አለ። አገሪቱ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አላት፣ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊንም አለ። ሞርፊን የሚታዘዘው ልዩ በሆነ የማዘዣ ወረቀት ነው፣ በተራ ወረቀት የጻፈላችሁን አይሰጧችሁም። የሚወስደው አስታማሚ መታወቂያ ይያዝ። ፈሳሽ ነው፣ መራራ ነው። በየአራት ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፣ ሌሊቱንም ጨምሮ እንዴት እንደምታደርጉ ሐኪሙን ጠይቁ። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ እንዲያዝላችሁ ጠይቁ።

«ሱስ ይሆንበታል» የሚል ዘመድ ይመጣል። የእኔ አክስት መጡ። ምን ልበላቸው? «እቴቴ፣ እስቲ ዛሬ ከእሱ ጋር እደሩ» አልኳቸው። አደሩ። በማግስቱ ጠርሙሱን ሰዓት ጠብቀው የሚያቀብሉት እሳቸው ሆኑ።

ጠበል የሚሄድ ከሆነ ይሂድ። መድኃኒቱም አብሮት ይሂድ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ከማለቁ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ አስሞሉ።

7. ቀበሌ፣ እድር፣ ዕቁብ

ቀበሌ ስትሄዱ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሴፍቲኔት። በፕሮግራሙ ውስጥ መሥራት የማይችሉ ሰዎች ያለ ሥራ የሚያገኙት «ቀጥታ ድጋፍ» የሚባል አለ። ሽማግሌ፣ አካል ጉዳተኛና ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው የሚታየው እዚህ ነው። ምልመላው በነዋሪው ኮሚቴ ነው፣ ሁልጊዜም ክፍት አይደለም፣ ስለዚህ ቀጣዩ ምልመላ መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ ስሙን አስይዙ። ሁለተኛ፣ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋን አግኙ። ለልጆቹ የትምህርት ቁሳቁስ የሚረዳ ማን እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት።

ቶሎ የሚደርሰው ግን እድሩ ነው። አብዛኛው እድር የሚከፍለው ሰው ሲሞት ነው። ለበሽተኛ የሚሰጥበት አንቀጽ በደንቡ ላይ ያለው እድርም አለ። ደንቡን አንብቡ። ከሌለም ለእድሩ ዳኛ ንገሩ፣ በወሩ ስብሰባ ይነሳል። የእኛ እድር ከቀብሩ ገንዘብ ላይ ግማሹን አስቀድሞ ሰጠን። አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ለሬሳ የምንሰጠውን ለሰውየው እንስጠው» አሉ፣ ማንም አልተከራከረም። የወር መዋጮውን ብቻ እንዳታቋርጡ። ውዝፍ ካለባችሁ የእድሩ ክፍያ ይቆረጣል።

ዕቁብ ካለው ዕጣው እንዲቀድምለት ይለመናል። ሰብሳቢው እምቢ ሲል አላየሁም። ያልተከፈለውን ማን እንደሚጨርስ ግን በግልጽ ተነጋገሩ፣ አለዚያ ሚስቱ ላይ ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

8. ሳይደክም የሚፈረሙት

ጋብቻው ተመዝግቧል? በሰማንያ ተጋብተው ሃያ ዓመት ኖረው የጋብቻ የምስክር ወረቀት የሌላቸው ብዙ ናቸው። የጡረታው 50 በመቶ የሚሄደው ለሚስት ነው፣ ሚስትነት ደግሞ በወረቀት ነው የሚታየው። ሁለቱም በሕይወት እያሉ ቀበሌ ቀርቦ ማስመዝገብ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ፍርድ ቤት፣ ምስክር፣ ቀጠሮ ነው። የልጆቹንም ልደት እንዲሁ።

ውክልና ለአንድ ሰው ስጡ፣ ለአምስት አይደለም። ባንክና ጡረታ በስም ተጠቅሰው ይጻፉበት፣ «በሁሉም ጉዳይ» የሚለውን ብቻ ባንኮች አይወዱትም። በሽተኛው መነሳት ካልቻለ ሰነድ አረጋጋጩ ቤት ድረስ እንዲመጣ በማመልከቻ ጠይቁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ውክልና ሰውየው ሲሞት አብሮት ይሞታል። በማግስቱ በኤቲኤም ካርዱ ገንዘብ የሚያወጣ ወንድም ለቀብር ነው ያወጣሁት ቢልም ወራሾች ፊት ጥፋተኛ ነው። በዚህ የተጣላ ቤተሰብ አይቻለሁ፣ በአርባው እንኳ አብረው አልተቀመጡም።

ኑዛዜ የሚለው ቃላችን ለነፍስ አባትም ለንብረትም አንድ ነው። ስለዚህ በአንዱ ቀን ሁለቱንም ማንሳት አይከብድም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሌላ ሰው የሚጽፈው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ወዲያው ይፈረማል። ራሱ የሚጽፈው ከሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጁ ይጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን ይናገር፣ ቀንና ፊርማ ይኑረው። በቃል ብቻ የተነገረ ኑዛዜ ለቤትና ለመሬት አይሆንም። የተተኪዎች ጡረታ ደግሞ በኑዛዜ አይከፋፈልም፣ ሕጉ ራሱ ነው የሚሰጠው።

9. ከቀብር በኋላ ያሉት 30 ቀናት

ሞት በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ ይመዘገባል። የሞት የምስክር ወረቀት ሳይኖር ጡረታም፣ ባንክም፣ አሠሪም አያናግራችሁም። ሆስፒታል ከሞተ ሆስፒታሉ ወረቀት ይሰጣል። ቤት ከሞተ የእድሩ ሰዎች ይመሰክራሉ። ሐዘን ላይ ያለችውን ሚስት በሠልስቱ አታስነሷት። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ሰው እጇን ይዞ ቀበሌ ይውሰዳት።

ከዚያ ወደ ማኅበራዊ ዋስትናው የሚሄደው ፋይል ይህ ነው፦ የሞት፣ የጋብቻና የልጆች የልደት የምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ወይም የሞግዚትነት ውሳኔ ከተጠየቀ እሱ፣ የሚስቲቱ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሯ። ሒሳቡ በራሷ ስም ይሁን፣ በወንድሟ አይደለም። የጡረታ ጥያቄ ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ መብቱ የሚቀርበት የጊዜ ገደብ፣ ስላለው «ሐዘኑ ይለፍ» ብላችሁ ዓመት አታቆዩት።

ምራቴ ፋይሉን ያስገባችው በአርባው ማግስት ነው። ጸሐፊዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረችና «ማን አዘጋጀላችሁ?» አለቻት። «ባለቤቴ» አለች። የእያንዳንዱን ወረቀት ስም በራሱ እጅ ጽፎ ቆርቆሮው ክዳን ውስጥ ለጥፎላት ነበር። የጎደለችው አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት። ወጥተን ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ቤት አስነሳናትና ተመለስን።